ስምንተኛው መስመር

አቤማማ ደሴት፣ ከውቅያኖስ መሐል፣
ባሕር በዚህ፣ ባሕር በዚያ፣ መሬቱ ክር ያህላል።
ነይ ተካራራ ዛሬ አሥራ አንድ ቤት ቆጥራለች፣
ታብሌቷን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋለች፤
ዝናብ ከመጣም እሷው ትርጠብ፣
እሱን ግን አይንካው፣ ሕዝብ አለበት፣ ሕዝብ።

(«ነይ» በዚያ አገር ከሴት ስም ይቀድማል፣
እንደ ወይዘሮ ነው፣ ክብር ነው ይባላል፤
እኔ ግን የሠንጠረዥ ሰው፣ ከሩቅ አገር የሄድሁ፣
በሰማሁት ቁጥር ሰው የጠራ መሰለኝ፣ ዞር አልሁ።)

ተን ኢያኬባ ሰሌኑ ላይ ነበር፣ መረብ ሲጠግን።
«ስንት ናችሁ?»
«ሰባት ነን።»
ስማቸውን ጠራ፣ እሷም ጻፈች፣
አንዲት ዶሮ መጥታ ጥላዋን ጫረች።

ከዚያ ስድስቱ ጥያቄዎች፤
ታራዋ ላይ ሦስት ቀን አፏን ያፍታታችባቸው፣
ቃል ሳትጨምር፣ ቃል ሳታጎድል፣ እንደ ዳዊት የደገመቻቸው።
«መነጽር አድርገህም ቢሆን ማየት ይቸግርሃል?
መስማትስ? መራመድስ፣ ወይም ደረጃ መውጣት?»
ደረጃ! ከባሕር ጋር እኩል በሆነ መሬት!
ዛፍ መውጣት ብትል በወደደች፣
አልተፈቀደላትም፤ እንደተጻፈው አነበበች።

«አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» አትልም፤ ክልክል ነው ያ ቃል፣
እሱን ያስቀደመ «የለም»ን አንጠልጥሎ ይመለሳል።
የፊተኛው ቆጣሪ እንዲያ ጠየቀና
ደሴቱን ለቅቆ ሄደ፦ ሁሉም ደህና፣ ሁሉም ጤና።

ኢያኬባ ሳቀ። «ምን ይቸግረኛል? መረብ እሠራለሁ፣
ሲመሽ ከልጆቹ ጋር እዘፍናለሁ።»
«መራመድ ነው የጠየቅሁህ።»
«እሱማ…» እግሮቹን አየ፣ እንደ ሰው ዕቃ ጎኑ የተቀመጡ፣
የኮኮነት ጭማቂ ሊቀዳ ከወጣበት ዛፍ ላይ የቀሩ፣ አብረውት ያልመጡ።
«ፈጽሞ።»

አራት መልስ ነው ያለው፦ ምንም፣ ትንሽ፣ በጣም፣ ፈጽሞ፤
ሰው ሁሉ ካራቱ ደጃፍ ባንዱ ነው፣ ተቀምጦም ቆሞ።

ልትነሣ ስትል፣ ከኋላው ጎጆ አንድ ድምፅ፦
ዛጎል በዛጎል ላይ። ቀጭ። ቀጭ።
ጆሮዋን ሰጠች፤ ስምንት ሲሞላ ዝም ይላል፣
ከዚያ እንደገና ካንድ ይጀምራል።

«እኅቴ ናት» አለ፣ ዓይኑን ከመረቡ ሳያነሣ፣
«አትናገርም። ምን ብላ ትመልሳለች ብዬ እንጂ፣ መች ልረሳ።»
«ስሟስ?»
ቆየ።
ጎረቤቱ ሁሉ «ያቺ» ነው የሚላት፣ እሱም ያን ለምዶ፣
ስሟ ከንፈሩ ዘንድ ደረሰ፣ ብዙ መንገድ ሄዶ፦
«ነይ ማሬታ።»

መጣች።
በኔ ቋንቋ የጠሯት ይመስል፣ ዛጎሏን በቀሚሷ ይዛ መጣች፣
የራሷን መቁጠሪያ ከመንግሥት መቁጠሪያ ጎን አስቀመጠች።
ምን እንደምትቆጥር እስከዛሬ
የጠየቃት የለም። እኔም ሳልጠይቅ ቀረሁ፣ ሰምቼ በወሬ።

ታብሌቱ ግን አመነታ፦
«የቤተሰቡ ቁጥር ተለውጧል። እርግጠኛ ነሽ?»

አውቃለሁ፣ ቁጥር ወንበር አይሆንም፣ መንኰራኵር የለውም፣
ለአንድ መስመር ተብሎ የጀልባው መውረጃ አይስተካከልም፤
ግን በጀት ሲቆረስ ከጠረጴዛው ጥግ ሆኜ ስንቴ አየሁ፣
ቁራሹ ለተቆጠረ ነው፤ ላልተቆጠረው «ይቆይ» ሲሉ ሰማሁ።
«ከሰው አልቆጠሩኝም» ይላል በኛ አገር የተናቀ፤
ምሬት ብቻ መስሎኝ ነበር። ሒሳብም ኖሯል፣ የጠለቀ።

ባትሪው ዘጠኝ በመቶ ቀርቶታል። ዝናቡ ባሕሩን ተሻግሯል።
አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች፣
«አዎ» ላይ አሳረፈች።
ስምንተኛው መስመር ተከፈተ፣ ባዶ፣ ስም የሚጠብቅ፤
ማሬታ ጎንበስ ብላ አየችውና
አንድ ዛጎል አኖረችበት።

ተካራራ ቀስ ብላ አንሥታ መለሰችላት፤ ጻፈች።