የፓስፖርቴ ሴትዮ

በፓስፖርቴ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አለች፣
በስድስት ዓመት ዕድሜ እኔን ትበልጣለች።
"ልጅ ናት" እንዳይሉኝ ደላላው ቸኩሎ፣
በአንድ ጀንበር አሳደገኝ፣ "ጎሽ የኔ ልጅ" ብሎ።

ዛሬ ማጥራህ ላይ፣ ባሕር ዳር፣ ጎህ ሳይቀድ፣
እመቤቴን ሸምሳን ይዤ እወጣለሁ መንገድ።
ሰማንያ አንድ ሞልቷት፣ ጉልበቷ ቢከዳት፣
ሐኪም "ከወንበር ላይ ዐሥር ጊዜ ብድግ፣ ዐሥር ጊዜ ቁጭ" አላት።
"ዋሂድ፣ እስኔን" ስላት፣ አብሬያት ስነሣ፣ አብሬያት ስቀመጥ፣
ለካ የኔም ጉልበት ጀምሯል ሊለወጥ።

ሙቀቱ ሳይነሣ፣ ሰርዲን የጫነው ጀልባ ወደቡ ሳይደርስ፣
እስከ ዓሣ ገበያው ሄዶ መመለስ።
ሻይ ያለ ስኳር ነው። ቴምር ሦስት ፍሬ።
(አራተኛዋን በሻርፗ ሥር ስትሰርቅ፣ አይቼ ዝም አልሁ ዛሬ።)

ለመኖሪያ ፈቃድ ደሜን የቀዳው ሐኪም ወረቀቴን አይቶ፣
"ሃምሳ ስምንት? አይመስልም!" አለ፣ ቅንድቡን አንሥቶ።
ሳቄን ዋጥ አድርጌ "አልሐምዱሊላህ" አልሁ፤
ያን የደላላ ዕዳ፣ ስድስቱን ዓመቴን፣
በየማለዳው በእግሬ አስመልሳለሁ።

ሸምሳ ግን ታውቃለች። አግዳሚው ወንበር ላይ ጥቂት ስናርፍ፣
"ዛሬስ ስንት መለስሽ?" ትለኛለች፣ ላቧን ስጠርግላት በመሐረብ ጫፍ።
"አንድ ቀን።"
"ለእኔም አንዱን ያዢልኝ፣ ሳያልፍ።"