ሳይሻገሩ መለካት

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤
በኖቮሲቢርስክ፣ በተማሪዎች ማደሪያ ምድር ቤት፣
ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ተጣብቄ ሳርም ሳድር፣
ደብዳቤ በጆንያ ይመጣል ከሳይቤሪያ ዳር እስከ ዳር።

ጋዜጣው ሰባት ጥያቄ አትሞ ነበር በመስከረም፤
«ሦስቱን የመለሰ ይምጣ፤ ሁለት የመለሰ ይክረም»
ይላል ደንባችን፤ ጌራሲም በቀይ ቀለም
ጽፎ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ የሚከራከር የለም።

ከማዕድን ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ፣
ልጆች አበጠርን፣ ነፋን፤ ጠረጴዛው ሆነ መንፊያ፤
ብልህ ያልነው በስተቀኝ፣ የቀረው በስተግራ፤
ጥቁር ዳቦ፣ ሻይ በብርጭቆ፣ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሥራ።

አራተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦
«ወንዝ ፊትህ ነው። ሳትሻገር ስፋቱን ለካ።»
መልሱን እኛ እናውቀዋለን፤ ሁለት ሦስት ማዕዘን፣
ትንሹ ለትልቁ የሚሆን ምስክርና ሚዛን።

አንድ ምሽት ከጆንያው ሥር፣ ከቪሉይ ወንዝ ዳር የመጣ፣
ዓሣ ዓሣ የሚሸት የደብተር ቅጠል ወጣ።
ስም፦ ቱያራ።
«ዕድሜ» ከሚለው ጎን ውሃ ነክቶት ቀለሙ ሟሙቷል፤
ከሰባቱ አንዱን ብቻ ሞክራለች፤ የቀረው ባዶ ሆኗል።

«የእኛ ወንዝ በጥቅምት ይተኛል፤ ሲተኛ እሄድበታለሁ።
ስምንት መቶ አርባ እርምጃ ነው፤ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።
በግንቦት ሲነቃ ግን ይቆጣል፣ ዳሩን ይበላል፤
አጎቴ አምና ጀልባ ያሰረበት ግንድ ዘንድሮ ውሃ ውስጥ ይውላል።
ስለዚህ የትኛውን ወንዝ ነው የጠየቃችሁኝ? የየትኛውን ቀን?»
ከሥሩ ሰንጠረዥ፣ ወር በወር፤
ያልቆጠረችው ፊት «ግምት» የሚል ቃል፣ በትንሹ።

ሳቅሁ። ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ ጌራሲምም ሳቀ።
«ሳትሻገር ተብሏል፤ ተሻግራለች። ይኼ ወደቀ።»
ዜሮ ጻፍሁ፤ ክብ፣ ያማረ።
ውጭ ሰማዩ በረዶ ይጥላል፤
ውስጥ እኔ ልጅ እጥላለሁ፤
ሁለታችንም ድምፅ አናሰማም።

ያለፉት መጡ በባቡር፤ ጎበዞች ነበሩ፣ አልዋሽም፤
ወንፊት ያሳለፈውን እንጂ ያስቀረውን አይቆጥርም።
አንዱ ዛሬ ከሰማይ ላይ ወንዞች ይለካል፣
እግሩን ሳያርስ።
ወረቀቷን ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣
ያኔውኑ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በመጋቢት፣
የጭነት መኪና ለምኜ ደረስሁ። መንደሩ ተነሥቷል፤
ቱያራን የሚያውቅ ጠፋ፤
ሾፌሩ ንዩርጉን ዳር ላይ ቆመ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።

ወረድሁ በረዶው ላይ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ነፋሱ ቁጥሬን ሊቀማኝ ይታገላል፤ በከንፈሬ ይዤው ሄድሁ።
ማዶ ስደርስ አምስት መቶ ስድሳ።
የእሷ ስምንት መቶ አርባ።

መጀመሪያ፣ አዎ፣ ተሳስታለች አልሁ። ልማድ ነው።
ከዚያ ጓንቴን አውልቄ በጣቴ በረዶው ላይ አካፈልሁ፦
ሁለት ለሦስት።
ወንዙ ያው ነው። የተለያየው እግር ነው።
የእኔ እርምጃ ስድሳ ሳንቲሜትር ቢሆን የእሷ አርባ።

አርባ ሳንቲሜትር የሚራመድ ሰው ዕድሜው ስንት ነው?
ጥያቄው የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ነበር።
እሷ ሰባት፤ ቢበዛ ስምንት።

ያንን በረዶ ሁለቴ፣ በዚያ እግር።
ቦት ጫማዋ የታላቅ ወንድሟ ይሆናል፤
«ግምት» ብዬ ልጻፍበት።

ጣቴ ደነዘዘ። ንዩርጉን ከማዶ ጥሩንባ ነፋ፣
ደግሞ ነፋ።
ስመለስ እንደገና ቆጠርሁ፤
እሷ ሁለቴ ነው የቆጠረችው።