ሚስማር የለባትም

ፈረንጅ አራዳ ነው ክፍሉ፣ ከኤሌክትሪክ ሱቁ ኋላ፣
ማታ ማታ እሄዳለሁ፣ ስጠርብ ውዬ ክንዴ ሲላላ።
«ከሊፋ አባዋሪ!» ትላለች ፌኔት፣ ስም መጥሪያውን ገልጣ፣
ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች፤ ግን ማን ደፍሮ ይቆጣ?
«አቤት» ብዬ እነሣለሁ፣ በሃምሳ አንድ ዓመት ጉልበቴ፤
ወንበሩ ለልጅ ተሠርቶ፣ ተጣብቆ ይቀራል ባቴ።

ያመጣኝ አንድ እንግዳ ነው። ባለፈው በጋ፣
በርጩማዬን ገልብጦ፣ መጋጠሚያ ፍለጋ
ሆዷን ዳሰሰ፣ ሦስት እግሯን ቆጠረ፤
አጣና ጠየቀኝ። ያኔ ጉዴ ጀመረ።
ነገርኩት፦ ዋንዛ መሆኗን፣ ካንድ ግንድ መፈልፈሏን፣
ሚስማር አለመቅመሷን፣ ሁለት ወር በጥላ መዋሏን፣
ይችን ቅርጽ ሲያስተምረኝ አባቴ፣
ከመጥረቢያው ሥር እንደቀረች ትንሿ ጣቴ።
ደላላው ቶፊቅ ይህን ሁሉ ሰማ፣ ዞረና ወደ ሰውየው፣
«ጉድ» አለው።
በቃ። «ጉድ።»
እውነትም ጉድ ነው! ያባቴ እጅ፣ ያ ሁሉ የዋንዛ ዕድሜ፣
ባንዲት ቃል ተሸኘ፤ እኔም ዝም አልኩ፣ እንደ ዕቃ ቆሜ።

የኔ ዓረፍተ ነገር በሩ ከኋላ ነው፤
ሰው ይገባል፣ ዕቃ ይከተላል፣ ግስ ነው የሚዘጋው።
የነሱ ግስ ግን መሐል ይገተራል፣
ሳይለካ እንደተመታ ሚስማር፣ እንጨቱን ይሰነጥራል።
«ምላስ በጥርስ መሐል» ትላለች። ፊተኞቹ ሁለቱ የሉኝ፤
ድምፁ ሾልኮ አመለጠ፣ ልጆቹም ሳቁብኝ።

«ዩ» አለች አንድ ቀን። አንተም «ዩ»፣ አንቺም «ዩ»፣ እርስዎም «ዩ»።
ለእናቴስ? «ዩ።» ለሼሁስ? «ዩ።»
ለውሻዬስ? ሳቀች፤ እሱም «ዩ»።
ያን ሌሊት አዌቱ ድልድይ ላይ፣ ያገኘኋቸውን ሽማግሌ
ዝም ብዬ አለፍኳቸው፣ ያልነበረ አመሌ።

በርጩማዋን «ሺ» ብላት፣ በቀይ ሰረዘችብኝ፦
«ኢት ነው ጋሼ፣ ነፍስ የለውም።»
ሠላሳ ዓመት «እሷ» ብያት፣ ዛሬ ነፍሷን ላውጣላት?

ማክሰኞ የያዝኩት ቃል ሐሙስ የለም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ
ከደብተሬ ሳይሆን ከራሴ ይታጠባል፣ በዚያው ማታ።
ልጅ ሳለሁ ቃል በእግሩ ይመጣ ነበር፤ ከሊሙ ስገባ
አማርኛን በወር ለቀምኳት፣ በብይ፣ በስድብ፣ ከበረንዳ ልጆች ጋር ስግባባ።

«የደረቀ እንጨት አይቃናም» ይሉኛል ሂርማታ ገበያ።
ይህን ለኔ? ለእንጨት ሠሪው?
ነክረው ካሳደሩት፣ እሳት ካሳዩት፣ ጊዜ ከሰጡት
ይታጠፋል።
ይጮኻል እንጂ ይታጠፋል።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሴት መጣች፤ ቶፊቅ ከደጅ ነበረ።
ቀደምኩት። ላቤ ወረደ፣ ምላሴ ታሰረ።
«ሺ...» አልኩ። ፌኔት ይቅር ትበለኝ። «ሺ ኖ ኔይል። ዋን ትሪ።
ማይ ፋዘር...»
እዚህ ላይ ግሱ ጠፋኝ። ቦታው መሐል ነበር፣ ባዶ ነው።
የጎደለች ጣቴን አሳየኋት።
ቶፊቅ አፉን ሊከፍት ሲል፣ በእጇ አስቆመችው፤
በርጩማዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዝናቡ ደጁን እየመታ፣
ጠበቀችኝ፣
ግሱ እስኪመጣ።