ገጽ ሦስት

ዊኒፔግ፤ ኅዳር ነው፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤
አለቃዬ ቦይቹክ ደረሰኝ እየቆጠረ በጥርሱ መሀል ያፏጫል።
እኔ ከማሽኑ ጋር፣ ጆሮዬን ደፍኜ፣
የሠርግ ጥሪ፣ የፒዛ ዋጋ፣ የጠፋ ድመት ምስል
አትሜ፣ አጥፌ፣ ጠርዤ፣ መዝኜ፤
እንዲህ ነው ሃያ ዓመት።

በረዶው ጠጉሯ ላይ ሳይቀልጥ ገባች፣ ሲግሩን የምትባል ሴት።
"ሙዚቃ ነው" አለችና ዐሥራ ሁለት ገጽ ሰጠችኝ።

ከፈትኩት።
አምስቱ መስመር የለ፤ ጭራ ያላት ጥቁር ፍሬ የለች፤
አንድ ክብ። ባዶ። ሦስት ነጥብ። ባዶ።
እንደ ፈራች ጉንዳን ከጠርዝ ወደ ጠርዝ የሮጠች
አንዲት ጭረት።
"እመቤት፣ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል" አልኳት በትሕትና።
"ደህና ነው" ብላ ሳቀች፤ "ባዶውን ተጠንቀቅልኝ፣
እንዳይቆሽሽ፤ እሱም ይነበባልና።"

ለባዶ ስንት ይከፈላል? ቦይቹክ ጢሙን አሸ፤
የዋጋ ሰንጠረዡ ስለ ቀለም እንጂ ስለ ባዶ አያወራም።

ፖስተሩም ያው ነው፦ ጥቁር ክብ፣ ከሥሩ እንደ ተልባ ፍሬ የደቀቀ ጽሑፍ።
"ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ግራ" ብላ ደወለች፣ ልተኛ ሳዛጋ።
ግማሽ ሚሊሜትር! የቁንጫ እርምጃ! ማን ሊያይላት ነው? እያልኩ
በማግስቱ ገፋሁት።
ወረቀቱ ተነፈሰ።
በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

በዚያው ሌሊት፣ ገጽ ሦስት ላይ፣ ሮለሩ ቀለም ተፋ፤
ከአራቱ ቅጂ ባንዱ፣ ባቄላ የምታክል ጠብታ፣ ጅራቷን ጎትታ
ተኛች፣ ከባዶው መሀል ተነጥፋ።
ወረቀቱ አልቋል፤ ማለዳ ይወስዱታል።
ዝም አልኩ። ጠረዝኩት። ሸኘሁት።
ዝምታም ለካ ቀለም ነው፤ እጅ ይነካል፣ አይለቅም።

ዓርብ ማታ ጥፋቴ ጎትቶ ወሰደኝ
ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣ ስንዴ ወደራቀው የድሮ ጎተራ።
ሮዴል የሚሉት ልጅ ከተዘጋ ሆስፒታል የለቀማቸውን
ሦስት መቶ አምፖሎች በክር አንጠልጥሏል፤
ድምፅ ሲነካቸው ይነቃሉ፦
ያልበሰለ ሎሚ፣ ቀጥሎ የቁስል ዳር፣ ቀጥሎ
ስም ያልወጣለት ሰማያዊ።

አንዷ ቼሎ አቅፋለች፤ አንዱ የብስክሌት ጎማ በደጋን ይፍቃል፤
አንዱ ፍሪጅ ጀርባ ላይ ማይክሮፎን ለጥፎ እንደ ሐኪም ያዳምጣል።
"መቼ ነው የሚጀምረው?" አልኩ ከጎኔ የተቀመጡትን ሽማግሌ።
"ኮትህን ስታወልቅ ጀምሯል" አሉኝ።

ሣቄ መጣ፤ ዋጥኩት።
ቆይቶ ግን ያ ጉምጉምታ የማውቀው ሆነ፤
የማሽኔ ድምፅ! ሃያ ዓመት ጆሮዬን የደፈንኩበት፤
ከነሳሉ፣ ከነማቃሰቱ፣ ለካ ሲያዜም ኖሯል፤
እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ገጽ ሦስት ተገለጠ።
ልቤ ቀጥ አለች።
ባለ ቼሎዋ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ቅንድቧን ሰበሰበች፤
ከዚያ
ጠብታዬን ተጫወተችው፦
ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ጅራቱን የሚጎትት ድምፅ፣
አምፖሎቹ አንድ ባንድ በብርሃን እያበጡ፣ እስከ ጣሪያው።

አጎቴ መሪጌታ ልሳነወርቅ ትዝ አሉኝ፤
ከፊደሉ ራስ በላይ ያሉትን ትንንሽ ምልክቶች በስንደዶ እየነኩ፦
"ይህ ይዘት፣ ይህ ቅናት፣ ይህ ድፋት፤
ነጥብ ናት ብለህ አትናቃት፤
ጉሮሮ አላት።"
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ኳስ ይጠብቀኝ ነበር፤ አልሰማሁም።
አሁን ሰማሁ፤
የገዛ ጥፋቴ ድፋት ሆኖ።

ሲያበቃ ለሲግሩን ተናዘዝኩ።
ቅጂውን ወደ አንዱ አምፖል አስጠግታ ብዙ አየችው።
"ስም አለው?" አለችኝ።
ነገርኳት። በእርሳስ ጻፈችው፣ በራሷ ፊደል፣ አጣምማ።

ሰኞ፣ ቦይቹክ ያፏጫል፤ የፒዛው ሰውዬ አዲስ ዋጋ ልኳል።
የጆሮ መድፈኛዬን ምስማሩ ላይ ሰቀልኩና
የትልቁን ፒዛ ዋጋ
ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ግራ ገፋሁት።