ሁለት ዓይን ያለው ተኩላ

ጳጉሜን ላይ ነበረ፤ ዝናቡ ሊያባራ፣
ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከባጃጁ ተራ
ዝቅ ብሎ ካለው ከሕፃናት ቤት፣
ግድግዳ ሰጡኝ፤ ኖራ የጠጣ፣ ሙሉ አንድ ፊት።
«ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ» አሉ ወይዘሮ አስናቁ፣
«ጥንቸሏን፣ ተኩላውን፤ ልጆቹ እንዲስቁ።»
እኔም የደብተር ሽፋን ከፊቴ ደቅኜ፣
በካሬ ከፍዬ፣ በክር መጥኜ፣
አንድ ሳምንት ሙሉ በርሜል ላይ ቆሜ፣
ቀዳኋቸው ሁሉን እስኪዝል አቅሜ።

ምንም አልጎደለም።
ምንም አልነበረም።
ጥንቸሏ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን የሷ አይደለም።
ተኩላው ጥርሱን ያሳያል፤ የሚፈራው የለም።

ይታይሽ ትባላለች፣ የዘበኛው ልጅ፣
አምስተኛ ክፍል፣ ከሰል በሁለት እጅ።
ከኋላዬ ቆማ ዓይኗን አጥብባ አየች፣
«ጋሼ አንማው» አለች፣
«እስቲ ዓይንዎን ጨፈን አርገው ይዩት፤
ተኩላው ከግንዱ በምን ነው የሚለዩት?»
ጨፈን አረግሁ። እውነትም ሁለት ጥቁር ምሰሶ፣
አንዱ ቅጠል ያለው፣ አንዱ ጅራት ለብሶ።

ደብተሯን ገለጠች። በሒሳቡ ዳር፣
በክፍልፋይ መሀል፣ የተኩላ መንደር፦
አጭር ተኩላ፣ ዘንጋዳ፣ ወገቡን የታጠቀ፣
ላህ ወንዝ ዳር ቆሞ ጎርፍ የጠበቀ፣
በመጨረሻው ገጽ ገሳ የለበሰ፣
ጎጆ መስሎ ከአናት እስከ ቅልጥም የፈሰሰ።
ያን ጥላ ብታየው ከመንገዱ ማዶ፣
ስሙን ይናገራል፣ ውስጡ ሳለ ባዶ።

ጥንቸሏንም ነካች። ቅንድቧን ቀነሰች፣
ሽፋሽፍቷን ነቀለች፣ ከንፈሯን አበሰች፣
አንዱን ጆሮ አጠፈች። «ምነው?» ብላት፣ «ሁሉ
ነገሯ ከሞላ፣ ልጆች ምን ይሙሉ?»

እኔ የተማርሁት ከአለቃ ይትባረክ፣
ደብር ሲያድሱ፣ ከእግራቸው ስንበረከክ።
«ጻድቅ በሁለት ዓይን ያይሃል ከፊት፤
ሰይጣን ግን በጎኑ፣ አንድ ዓይን ስጥለት፤
ዓይንህን ዓይኑ ውስጥ እንዳታገኝበት።»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብሩሼ ይህን አልሻረም።
ይታይሽ ግን ተኩላውን በጆሮው እንደያዘች
ፊቱን ወደኔ አዞረች።
ሁለት ዓይን ሰጠችው።
አንዱ ትንሽ ከፍ ያለ፣ እንቅልፍ የነሳው ሰው ዓይን።
ክፋቱ አልቀረም፤ እጁ ከኋላው ነው፣
የያዘው ነገር ግን እስካሁን አልታየኝም።

ተኩላውን ሣለችው፤
ጥርሱን ግን አልሳለችም።
ይህን ብነግረው ጎረቤቴን፣ ዋሸራ የተማረውን፣
ደጋግሞ አለው፤ አንዴ ስለቱን፣ አንዴ ሥዕሉን።

ኖራ በጠበጥሁ። በአንድ ሌሊት ሻርሁት፤
ደብተሯን ዘርግቼ ግንቡ ላይ አሳደግሁት።
ወይዘሮ አስናቁ መጡ፦ «ይኸ ደግሞ ከየት ነው?»
«ከዚሁ» አልኋቸው። ገሳውን አይተው፣
«አባቴ ነበረው» አሉ፤
ገንዘቡን ግን ቀነሱት።

በከፈቱ ዕለት አንዲት የሦስት ዓመት፣
ከዳቦዋ ቆርሳ ተኩላው አፍ ላይ ለጠፈችለት።
ሌላውም አየና ከምሳው አካፈለ፤
እስከ ጥቅምት ድረስ አፉ ዘይት ሆኖ ዋለ።

ያን ሰሞን ደግሞ ለአቶ ምናለ ሥጋ ቤት
በሬ እየሣልሁ ነበር፤ ሻኛው፣ ቀንዱ አልቆ
ብሩሼ ዓይኑ ጋ ሲደርስ እጄ ራሱ ዞረ፦
ከፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይን።
አቶ ምናለ ቢላውን እንደያዘ ወጣ፣
ቆሞ አየው። በሬውም አየው።
«አንማው» አለኝ ቀስ ብሎ፣
«ከዚህ በሬ ላይ ማን ኪሎ ይገዛል?»

እውነቱን ነው።
በጎን አዙሬ ሣልሁለት።
ሁለተኛው ዓይን ግን ከሥር አለ፤
በክረምት፣ ቀለሙ ሲሳሳ፣ ይታየኛል።