እንየው

በፈረስ ጋሪ ላይ ተጠፍሮ ሲመጣ፣
ያማሃ ነው፣ ዲቲ፣ ቀለሙ የነጣ፤
ባለቤቱ እንየው፣ ከብት የሚያክመው፣
ከኋላው በእግሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዳስታመመው።

«ስረግጠው ይነሳል፤
ከሽምብጥ እስከ ዘጌ መንገዷ ዋርካ እንደ ጉድ ይከንፋል፤
ከዚያ ያስለዋል፣
ያነክሳል፣
ይሞታል።
ወርጄ ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ፤ ቤንዚኑ ሙሉ ነው፤
ትንሽ አዝኜበት ደግሜ ስረግጠው
ምንም እንዳልነካው ተነስቶ ሂያጅ ነው።»

«እንየው» አልኩ፤
ስሙን ልጥራ፣ ሥራውን ልጀምር፣ እኔም አልለየሁ።

ካንዴላውን ነቀልኩ። ጫፉ ነጥቷል፣ አመድ መስሏል።
የጠገበ ሞተር ጥላሸት ይተፋል፤
ይሄ ግን ተርቧል።

ተርቧል ካልኩ ዘንዳ ጉሮሮው ነው አልኩ፤
ካርቡራተር ፈታሁ፣ ጂግለሩን በአፌ ነፋሁ፣
ከፍሬን ገመድ በመዘዝኳት ቀጭን ሽቦ ጠረግሁ።
ትርንጎ፣ ተማሪዬ፣ ባትሪ ይዛ ታበራለች፤
ተንሳፋፊዋን በባልዲ ውሃ ብትፈትናት
እንደ ደንገል ታንኳ ቀና ብላ ቆመች።

ቦቢናውን ጠረጠርኩ።
ቦቢና እንደ ምስክር ነው፤ ሲበርደው ይምላል፣
ሲግል ይክዳል።
ከሞላልኝ ጋራዥ ተውሼ ቀየርኩት፤
እዚያችው ዋርካ ጋ ሞተብኝና እየገፋሁ መለስኩት።
ፑንቲናውን በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩት።
ሰደብኩት።
ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ቀረሶዬን ስበላ፣
የጀርባ አጥንቱን፣ ሳላስበው፣
እንደ ጂግለር ወደ አምፖሉ አንስቼ፣ ቀዳዳውን አሻግሬ አየሁት።

በሦስተኛው ቀን እንየውን አፈናጥጬ ወጣሁ።
ዋርካዋ ጋ ስንደርስ፣ ቀጥ።
ንፋስ የለም። ጣና ተኝቷል። እምቦጩ እንኳ አይላወስም።
እንየው እንደ ልማዱ ወረደና
ቤንዚን አልቆ እንደሁ ሊያይ ክዳኑን አላላው፤
እኔ ቱቦውን ልነካ ጎንበስ ብዬ
ጆሮዬ ሳልባትዮው ጎን ነበር፤

እህህህ . . .

ጉማሬ ውሃ ሥር ቆይቶ ብቅ ሲል እንደሚስበው ያለ፣
ረጅም ትንፋሽ።

ተያየን።
«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለ ሐኪሙ።
«ቡቃያ በልታ የተነፋች ላም ጎኗን ስወጋ እንዲህ ትላለች።
ያቺ ግን ወደ ውጭ።
ይሄ ወደ ውስጥ ነው።»

ክዳኑን ገለበጥኩት።
አየር የምታስገባዋ፣ የመርፌ ዓይን የምታህለው ቀዳዳ
በማስቲካ ተደፍናለች፤ ማስቲካው ድንጋይ ሆኗል።
«ማን ነው?»
እንየው መሬት መሬት አየ።
«ቤንዚን የጠፋ ጊዜ፣ ሰልፍ ላይ አድሬ፣
በሃይላንድ ተቸርችሮ፣ ደሞዜን ገብሬ፣
በዚያች ቀዳዳ ሽታው ሲወጣ፣ ብሬ ሲተን ታየኝ፤
አኝኬ ደፈንኳት። እኔው ነኝ።»

ለነገ የቆጠበው ነው ዛሬን ያነቀው፤
ይህን ግን አላልኩትም። ምን በወጣኝ?
በመጀመሪያው ቀን ነግሮኝ ነበር፤
«ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ» ሲል
የሰማሁት «ሙሉ ነው» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዜን የያዘውን መርፌ ቁልፍ ፈትቼ
ማስቲካውን ፈለቀቅሁት።
ሦስት ቀን ሙሉ፣ አንድ መርፌ፤ ስንት ይባላል?
እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም ዋጋ አልጠራሁ።
ደረቴን ለሀይቁ እንደከፈትኩ
ረገጥኩት።

ከዋርካዋ አልፈን፣ ወደ ዘጌ፣ አቧራው ውስጥ ገባን።
ሌላ ዋርካ መጣ። ሌላም።
በእያንዳንዱ ዋርካ ሥር
እኔም እንየውም ትንፋሻችንን ዋጥን፤
የተነፈሰ እሱ ብቻ ነበር።