ምክንያት ይምረጡ

ከአጂፕ ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ሥራዬ ነጥብ ማየት ነው፤
ሃያ ሦስት ነጥብ መጠበቅ።
ሲሄዱ አረንጓዴ፣ ሲቆሙ ቀይ፤
ሹፌሩን በመልክ አላውቅም፣
በሰሌዳው ነው የምለይ።

ድሮ ይኼ ስክሪን አባፊጣ ነበር፤
ሂርማታ ጥግ፣ ከጎሚስታው በር፣
እስኪሪብቶው ከጆሮው፣ ደብተሩ ከጉልበቱ ላይ፣
ኤፍኤስአሩን በሳሉ፣ ተሳቢውን በኮቴው የሚለይ፣
«ይኼ ሸረፋ ነው፤ ሁለተኛ ማርሹ ታሟል» ባይ።
የነጋዴውን ልብ፣ የሹፌሩን ዕዳ፣
የዝናቡን ነገር፣ የሸራውን ቀዳዳ
ያለ ሚዛን የሚመዝን፣
ድርሻውን ሲቆርጥ ግን
ለማንም የማያዝን።

አሁን ጭነት በስልክ ይመጣል።
«ጅማ–ገላን፣ ቡና፣ መቶ ኩንታል»፤
ቀድሞ የነካው ያነሣል።
ሹፌሮቹ፣ ሐቁን ልናገር፣ ደስ ብሏቸዋል፤
ለደላላ ይሄድ የነበረው ለልጅ ደብተር ተርፏል።
አባፊጣ ግን አልፎ አልፎ
ደረጃውን እያለከለከ ይወጣና፣
መነጽሩን በኮቱ ጫፍ ጠርጎ፣
«እስቲ ልጆቼን አሳዪኝ» ይላል፤
እያንዳንዱን ነጥብ በስሙ ይጠራል።
ኔትወርክ ጠፍቶ ሁሉም ሲሰወሩ እንኳ
ባዶውን ስክሪን በጣቱ እየነካ
«እዚህ ነው፣ ሰርቦ፣ ሻይ ይዟል» ይለኛል፤
አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ከሰኮሩ ወዲያ፣ ጊቤ ቁልቁለት ላይ፣
አንዱ ቀላ።
ማደያ የለ፣ ጋራዥ የለ፣
ለሰው የሚሆን ጥላ።
አምስት ደቂቃ። አሥር። አሥራ አምስት።
ሳጥን ተከፈተ፦ ምክንያት ይምረጡ፤
ብልሽት። ነዳጅ። ፍተሻ። ዕረፍት።

ስልኩን ላነሣ ስል እስኪሪብቶውን አጋደመበት።
«ተዪው፤ ሸረፋ ነው።
ረዳቱ፣ ያ አወል፣
ታኮ ሊያደርግ ወርዶ እዚያ ነው የቀረው።
ፍሬኑ አልያዘም።
ባለፈ ቁጥር ይወርዳል፤
ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ያነሣል፣
‹እንካ› ብሎ ያቀብለዋል።
አንድ ሲጋራ ነው የሚፈጀው፤ ከዚያ ይሄዳል።»

ዝርዝሩን ወደ ታች ሳብኩት፣ ወደ ላይ መለስኩት፤
አራት ነው፤ አምስተኛ የለበት።
ሳልመርጥ ነጥቡ አረንጓዴ ለበሰ።
«ዕረፍት» የሚለውን ነካሁ፤
የማን እንደሆነ ሳጥኑ አይጠይቅም።

ወሩ አልቆ ሪፖርቱ ሲደርስ፣
ያለ ፈቃድ በመቆሙ
ከሸረፋ ላይ ሁለት ነጥብ ተቀነሰ።